የእንግሊዝ ገዳማት ሲፈርሱ ካቴድራሎቹ ለምን ቆመው ቀሩ?

ከሊድስ_ማዶ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ታሪክ የምታነቡም፣ እዚህ እንግሊዝ የምትኖሩም ግቡበት ብዬ ነው ይህን የምከፍተው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ዱራም ካቴድራልና ፋውንቴንስ ገዳም አሉ። ሁለቱም የመነኮሳት ቤት ነበሩ። ሁለቱም የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ፣ ሁለቱም ባለ ብዙ ርስት። ሁለቱንም መነኮሳቱ ራሳቸው ፈርመው ለንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹማምንት አስረከቧቸው፤ ፋውንቴንስን በኖቬምበር 1539፣ ዱራምን በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ። ዛሬ ዱራም ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ይዜማል። ፋውንቴንስ ግን ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው። ጣሪያ የለው፣ መስታወት የለው፣ ወለሉ ሣር ነው።

ለምን? ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ አለ። ንጉሡ ወንድ ልጅ የምትወልድለት ሌላ ሚስት ፈለገ፣ ሮም እንቢ አለች፣ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ፣ ከዚያ ገዳማቱን ዘጋ። ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ 800 የሚያህሉ ገዳማት ጠፉ። የመጨረሻው ዋልታም ነበር፣ ማርች 1540 ላይ። እሺ፤ ይሄ ግን ፋውንቴንስ ለምን እንደፈረሰ እንጂ ዱራም ለምን እንደቆመ አይነግረንም።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። የቆሙት ቤቶች ከፈረሱት ይልቅ ስለተቀደሱ ወይም ስላማሩ አይደለም የቆሙት። መነኮሳቱ በወጡ ማግስት ያ ቤት የሚያስፈልገው ሰው ስለነበረ ነው።

እንግሊዝ በሌላው አውሮፓ እምብዛም የማይታይ ነገር ነበራት። ካንተርበሪ፣ ዊንቸስተር፣ ዱራም፣ ዉስተር፣ ኖርዊች፣ ኢሊ፣ ሮቸስተር፤ እነዚህ ሁሉ የጳጳስ መንበር ያለባቸው ካቴድራሎች ሆነው ሳለ ገዳማትም ነበሩ። ጳጳሱ እንደ አበምኔት ይቆጠራል፤ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር ግን የሚይዘው ፕራየር የሚባለው የመነኮሳቱ አለቃ ነው። ንጉሡ መነኩሴ አያስፈልገኝም አለ እንጂ ጳጳስ አያስፈልገኝም አላለም። ስለዚህ ቤቱን ትቶ ማኅበሩን ቀየረ። ዱራም ላይ የመጨረሻው ፕራየር ሂዩ ኋይትሄድ የካቴድራሉ የመጀመሪያ ዲን፣ ማለትም የካህናቱ አለቃ፣ ሆነው ተሾሙ። ሰውየውም ያው፣ ቤቱም ያው፤ የተለወጠው ማዕረጉ ነው።

ፋውንቴንስ ግን ጳጳስ የለው፣ አጥቢያ ምእመን የለው። በ1132 ከዮርክ ቅድስት ማርያም ገዳም ሥርዓቱ ላልቷል ብለው የወጡ 13 መነኮሳት ናቸው ያቀኑት፤ ከሰው ርቀው፣ ሸለቆ ውስጥ። ያ ርቀት ክብራቸው ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ግን ተከራካሪ አሳጣቸው። ሃምሳ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ታላቁን ማማ ያሠሩት አበምኔት ማርማዱክ ሂዩቢ ያረፉት በ1526 ነው። ከ13 ዓመት በኋላ እዚያ ማማ ላይ የሚደወል ደወል አልነበረም።

ማርታ_ለንደን፦

ደስ የሚል ርዕስ ነው ወንድሜ። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው መጽሐፍ ላይ ግን መነኮሳቱ ሰነፎችና ሆዳሞች ሆነው ነበር፣ ሕዝቡም ጠልቷቸው ነበር የሚል ነገር አለ። እውነት ነው እንዴ? ደግሞ ገዳማቱ ከመቼ ጀምሮ ነበሩ? እኔ እንግሊዝን ሳስብ ፕሮቴስታንት ብቻ ነው የሚመጣብኝ።

ኬላ_ሰባሪ፦

እኔ በንጉሡ ብዙም አልፈርድም። ነገሩን ከኪስ አንጻር እዩት። የፋውንቴንስ መነኮሳት በግ አርቢዎች ነበሩ፤ ሱፋቸው እስከ ጣሊያን ነጋዴዎች ድረስ ይሸጥ ነበር። እዚያ የሄደ ሰው ምዕራብ በኩል ያለውን ምድር ቤት ያውቀዋል። ርዝመቱ 90 ሜትር ገደማ ነው፣ በቅስት ላይ ቅስት እየተያያዘ ይሄዳል፣ ከአንዱ ጫፍ ቆመህ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ትንሽ ሆኖ ነው የሚታይህ። ግማሹ መጋዘን ነበር። ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ወንድሞች ደግሞ እዚያው ይበሉ ነበር፤ እነሱ እንደ መነኮሳቱ በመዘምራን ቦታ አይቆሙም፣ ማረስ፣ መሸለት፣ መገንባት ነው ሥራቸው። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሀብት በጸሎት ስም አንድ ቦታ ሲከማች አገር ምን ይጠቀማል?

ከሊድስ_ማዶ፦

ማርታ፣ ከአንቺ ልጀምር። በ1535 የንጉሡ ዋና ሹም ቶማስ ክሮምዌል የገዳማቱን ገቢ ሁሉ አስቆጠረ። ከዚያ መርማሪ ላከ። መርማሪዎቹ የሄዱት ጥፋት ፍለጋ ነው፣ ፈልገውም አገኙ። በአንዳንድ ገዳም በእርግጥ ሥርዓት ላልቶ ነበር፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ግን የ1536ቱን ዐዋጅ ልብ በሉት። በዓመት ከ200 ፓውንድ በታች ገቢ ያላቸው ትንንሾቹ ይዘጉ፣ ኃጢአት ያለው እነሱ ዘንድ ነው ይላል። ትልልቆቹ ገዳማትስ? በእነሱ ዘንድ ሃይማኖት በደንብ ተጠብቋል ብሎ ራሱ ዐዋጁ ያመሰግናቸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚያው የተመሰገኑት ተዘጉ። ስለዚህ የምግባር ጉዳይ ነው የሚለው ነገር ውሃ አያነሳም።

ሕዝቡ ጠልቷቸው ነበር የሚለውም በሰሜኑ ክፍል ጭራሽ አይሠራም። በ1536 መኸር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተነሣ። መሪው ሮበርት አስክ የሚባል የሕግ ሰው ነበር። የተዘጉ ገዳማትን ከፍተው መነኮሳቱን መልሰው አስገቧቸው። ንጉሡ ይቅርታ ተደርጎላችኋል፣ ጥያቄያችሁ ይታያል አስባላቸው፣ ሕዝቡም አምኖ ተበተነ። አስክ በ1537 ዮርክ ላይ ተሰቀለ።

ኬላ፣ አገር ምን ይጠቀማል ላልከው። ገዳሙ እንግዳ ያሳድራል፣ ደሃ ያበላል፣ የታመመ ያስታምማል። ሲዘጋ ያንን የተካ ነገር ቶሎ አልመጣም። መሬቱስ የት ገባ? ንጉሡ ከፈረንሳይና ከስኮትላንድ ጋር ለገጠመው ጦርነት አብዛኛውን ሸጠው። ፋውንቴንስን የገዛው ሪቻርድ ግሬሻም የሚባል የለንደን ነጋዴ ነው። ከድንጋዩ ከፊሉ ተነቅሎ በ1600 ገደማ እዚያው አጠገብ ለአንድ ሀብታም መኖሪያ ቤት ዋለ። ቤቱ ዛሬም አለ።

የግላስተንበሪው አበምኔት ሪቻርድ ዋይቲንግም አይረሱኝም። ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸውን አላስረክብም አሉ። በኖቬምበር 1539 ከሁለት መነኮሳት ጋር ከገዳሙ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሰቀሏቸው፤ ራሳቸውንም ቆርጠው የገዳሙ በር ላይ አንጠለጠሉት። የሬዲንግና የኮልቸስተር አበምኔቶችም በዚያው ሰሞን ተገደሉ። የሌሎቹ ፊርማ በፈቃድ ነው ሲባል ይሄን አብሮ ማሰብ ነው።

ባለ_ውሃ_ልክ፦

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ ስለ ጣሪያው አንድ ነገር ልበል። እንዴት እንደፈረሰ ካላወቅን ለምን እንደፈረሰ አይገባንም።

የእነዚህ ቤቶች ክዳን እርሳስ ነው። እርሳስ ደግሞ ገንዘብ ነው። ሹማምንቱ መጀመሪያ ያወረዱት እሱን ነው፣ ከደወሉ ጋር። ሮች በሚባለው የዮርክሻየር ገዳም የመዘምራኑን የእንጨት መቀመጫ እየሰበሩ አነደዱት፣ በዚያ እሳት እርሳሱን አቀለጡ፤ አጠገባቸው ጫካ ሞልቶ ሳለ። ከዚያ የንጉሡ ማኅተም ያለበት ትልልቅ ጥፍጥፍ ይደረጋል። ሪቮ ገዳም ላይ እንዲህ ያለ ጥፍጥፍ ከወደቀ ግንብ ሥር ሳይወሰድ ቀርቶ በ1920ዎቹ ተገኘ። ያንን እርሳስ ዮርክ ካቴድራል ውስጥ አምስቱ እኅትማማቾች የሚባለውን ትልቅ መስኮት ለመጠገን ተጠቀሙበት። የፈረሰው ገዳም እርሳስ የቆመውን ካቴድራል መስታወት ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ክዳኑ ከተነሣ ቅስቱ ብቻውን አይቆይም። ዝናቡ ኖራውን ያጥበዋል፣ በክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ሌላ አፍራሽ አያስፈልገውም። በቃ።

ሮች ላይ የሆነውን የጻፈው ማይክል ሸርብሩክ የሚባል የአካባቢው ቄስ ነው። አባቱ ከቤተ ክርስቲያኑ እንጨት ገዝቶ ነበር። ልጁ ጠየቀው፤ መነኮሳቱን ትወዳቸው አልነበረም ወይ? እወዳቸው ነበር አለው። ታዲያ እንዴት አብረህ አፈረስክ? ሁሉም ነገር ሲሄድ አየሁ፣ እኔም ሌላው እንዳደረገው አደረግሁ ብሎ መለሰለት። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እንደዚህች መልስ የከበደኝ የለም።

የኮቨንትሪው፦

ከሊድስ ማዶ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ግን ከተማዬን ረሳህ። ኮቨንትሪም የመነኮሳት ካቴድራል ነበራት፣ የቅድስት ማርያም። ጳጳስ ነበራት። ግን ፈረሰ! በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ካቴድራሎች ተለይቶ የፈረሰው እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ጳጳስ ያለው ቤት ይተርፋል የሚለው የት ሄደ?

በዚያ ላይ ሁለተኛውን ስሙ። በ1918 የቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል ተባለ። ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች አቃጠሉት። ግድግዳውና ማማው ቀረ። አዲሱን ባዚል ስፔንስ ነደፈው፣ በ1962 ተባረከ፤ አሮጌውን አላፈረሱትም፣ ጎን ለጎን ነው ያሉት። ከጣሪያው የወደቁ የመካከለኛው ዘመን ምስማሮች በመስቀል ቅርጽ ተሠርተዋል። ከመሠዊያው ጀርባ «አባት ሆይ ይቅር በል» የሚል ተጽፏል። «ይቅር በላቸው» አይልም፣ «ይቅር በል» ብቻ። ከተማው ገና ጢሱ ሳይጠፋ እንዲህ ብሎ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው።

ከሊድስ_ማዶ፦

የኮቨንትሪው፣ በጣም ጥሩ አመጣኸው፤ የአንተ ከተማ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ነው የምታደርገው። የኮቨንትሪ ጳጳስ ሁለት መንበር ነበረው። አንዱ ኮቨንትሪ፣ አንዱ ሊችፊልድ። ሊችፊልድ ላይ የሚያገለግሉት መነኮሳት ሳይሆኑ ሌሎች ካህናት ስለነበሩ ዐዋጁ አልነካቸውም። ጳጳሱ ሊችፊልድ ካለው ኮቨንትሪ ለምን ያስፈልገዋል? ተባለና ፈረሰ። ባዝም ያው ነው። ጳጳሱ ዌልስ ላይ ሌላ መንበር ስለነበረው የባዝ ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ተገፎ ለብዙ ዓመት ክፍት ቀረ፤ የዳነው ኋላ ከተማው አጥቢያ ሲያደርገውና በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ገንዘብ ሲዋጣለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ጳጳስ ሳይኖራቸው የተረፉ። ቱክስበሪ ላይ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑ አንድ ክፍል አጥቢያችን ነው አለ። ንጉሡ እንግዲያው የእርሳሱንና የደወሉን ዋጋ ክፈሉ አላቸው። 453 ፓውንድ አዋጥተው ገዙት። ሮምሲ ላይ በ1544 በ100 ፓውንድ ገዙ። ሴንት ኦልበንስ ደግሞ በ1553 በ400 ፓውንድ፤ እሱ በ1877 ካቴድራል ሆነ። ማልምስበሪን ዊሊያም ስታምፕ የሚባል ሀብታም የጨርቅ ነጋዴ ገዝቶ ለአጥቢያው ሰጠው። ቱክስበሪ ገብታችሁ እነዚያን ወፋፍራም ዓምዶች ስታዩ የገበሬና የሸማኔ መዋጮ መሆኑን አስቡ።

ንጉሡም ራሱ ስድስት ገዳማትን አዲስ ካቴድራል አድርጓል። ግሎስተር፣ ፒተርበራ፣ ቼስተር፣ ብሪስቶል፣ ኦክስፎርድ፣ ዌስትሚንስተር። ዌስትሚንስተር ካቴድራልነቱ አሥር ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ካቶሊኳ ልጁ ሜሪ ስትነግሥ መነኮሳቱ ተመለሱ፣ ኤልሳቤጥ ስትነግሥ እንደገና ወጡ።

ወለተ_ኪዳን፦

ወንድሞቼ፣ እስካሁን ያወራችሁት ሁሉ ስለ ወንዶች ነው። እመምኔቶቹስ?

ማርታ ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠይቃ ነበር። የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ የላከው አውግስጢኖስ ኬንት የገባው በ597 ነው። የኬንት ንጉሥ ሚስት በርታ ቀድሞውንም ክርስቲያን ነበረች፤ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። በሰሜን በኩል ደግሞ አይዳን ከአዮና ደሴት መጥቶ በ635 ሊንዲስፋርን ላይ ገዳም ተከለ። ሁለቱ ወገኖች ፋሲካን የሚያወጡበት ስሌት የተለያየ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይሄ ጠብ ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። የሰሜኑ ንጉሥ ፋሲካ ሲያከብር ንግሥቲቱ ገና ጾም ላይ ናት! ጉባኤው በ664 ዊትቢ ላይ ተደረገ። የማን ገዳም ላይ? የእመምኔት ሂልዳ። ወንዶችም ሴቶችም መነኮሳት ያሉበትን ገዳም ነበር የምታስተዳድረው። ከእሷ ቤት አምስት ጳጳሳት ወጥተዋል። ካድሞን የሚባለው፣ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ስሙ የታወቀ ገጣሚ፣ እዚያው የከብት ጠባቂ ነበር።

ኢሊንም በ673 የመሠረተችው ሴት ናት፣ ንግሥት ኤቴልድሬዳ። ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ግን ነገሩ ጠበበ። ዱራም ከሄዳችሁ በስተ ምዕራብ ወለሉ ላይ ጥቁር የእምነ በረድ መስመር አለ። ሴት ከዚያ አታልፍም ነበር። ደብረ ዳሞን የምታውቁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

በ1539ም የባሰው የደረሰው በሴቶቹ ላይ ነው። ለመነኮሳቱ ድርጎ ተቆረጠላቸው፤ የፋውንቴንስ አበምኔት በዓመት 100 ፓውንድ ያገኙ ነበር። ወንዶቹ ከፈለጉ የአጥቢያ ቄስ ሆነው ያድራሉ። መነኮሳይያቱ ግን የተቆረጠላቸው በጣም ትንሽ ነው፣ ቅስና የላቸው፣ ደግሞ የንጽሕና ቃል ኪዳናችሁ አልተፈታም፣ ማግባት አይቻልም ተባሉ። ቤት አጡ፣ ትዳርም ተከለከሉ። ይሄ ሕግ የተነሣው ንጉሡ ከሞተ በኋላ በ1549 ነው።

ባለ_ውሃ_ልክ፦

ወለተ ኪዳን ኢሊን ስላነሣሽ አላልፈውም። በፌብሩዋሪ 1322 ሌሊት የኢሊ መካከለኛ ማማ ተደረመሰ። መነኮሳቱ ከሌሊቱ ጸሎት ወጥተው ብዙም አልቆዩም ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ መነኩሴ አለን ዘዎልሲንግሃም እዚያው ቦታ ላይ እንደገና አራት ማዕዘን ማማ ከመጫን ይልቅ መሐሉን ስምንት ማዕዘን አድርጎ ከፈተው። 22 ሜትር ገደማ ስፋት በድንጋይ መሸፈን አይቻልም። ስለዚህ የንጉሡ አናጢ ዊሊያም ኸርሊ በእንጨት ሠራው። ስምንት የዋርካ ያህል ግዙፍ የኦክ ግንዶች ከመላ አገሪቱ ተፈልገው መጡ። እያንዳንዳቸው 19 ሜትር ያህል ናቸው። ሥራው 20 ዓመት ፈጀ። ከሥር ሆነህ ቀና ስትል ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፤ ክብደቱን ማን እንደተሸከመው ወዲያው አይታይህም። አንድ መሐንዲስ አደጋን እንዲህ ሲመልስ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ዱራም በ1093 ተጀምሮ በ1133 አለቀ፤ በአርባ ዓመት። ሰፊውን ጣሪያ የጎድን አጥንት በሚመስሉ የድንጋይ ቅስቶች የከፈለው ገና ሌላው ዓለም ሳይደፍረው ነው። ሶልዝበሪን ደግሞ አስቡት። 123 ሜትር ቁመት፣ በእንግሊዝ አቻ የለውም፣ መሠረቱ ግን 1.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጠልቀው፣ ጠጠር ላይ ነው ያረፈው። 6,500 ቶን የሚመዝነው ማማ ኋላ ሲጫንበት ዓምዶቹ ጎበጡ። ዛሬም በዓይን ይታያል።

ዊንቸስተር ግን ዕድለኛ አልነበረም። ረግረግ ላይ ነው የተሠራው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ግድግዳው መሰንጠቅ ጀመረ። መሠረቱን ሲቆፍሩ ውሃው ይሞላባቸዋል፣ ውሃውን በፓምፕ ቢስቡት ቤቱ ይሰምጣል። ምን አደረጉ? ዊሊያም ዎከር የሚባል ጠላቂ አመጡ። ከ1906 እስከ 1911 በዚያ ጥቁር ውሃ ውስጥ ምንም ሳይታየው በእጁ እየዳሰሰ የሲሚንቶ ከረጢት ሲደረድር ኖረ። ልብሱ በጣም ከባድ ስለሆነ ለምሳ ሲወጣ የራስ ቁሩን ብቻ ነበር የሚያወልቀው። አንድ ሰው!

ብራና_ፈላጊ፦

ሁላችሁም ስለ ድንጋይ ነው የምታወሩት። እኔን የሚያንገበግበኝ መጽሐፉ ነው።

ገዳማቱ ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። ቤዳ የእንግሊዝን ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ731 የጨረሰው ጃሮ ገዳም ተቀምጦ ነው። ገዳማቱ ሲዘጉ ብራናው ተበተነ። ጆን ቤል የሚባል ጸሐፊ፣ እሱ ራሱ የመነኮሳት ጠላት ነው፣ በ1549 ምርር ብሎ ጽፏል፤ ገጾቹን መቅረዝ መፈተጊያና ጫማ መወልወያ አደረጓቸው፣ ለቅመም ሻጭና ለሳሙና ሻጭ ሸጧቸው ይላል። የተረፈውን ማቲው ፓርከር የሚባለው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እያሰሰ ሰበሰበ፣ በ1574 ለካምብሪጅ ኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ሰጠ። እዚያ ውስጥ ያለው የስድስተኛው መቶ ዘመን ወንጌል የአውግስጢኖስ ይባላል። ዛሬም ሊቀ ጳጳስ ሲሾም እሱ ይወጣል።

የሊንዲስፋርን ወንጌልን ደግሞ ተመልከቱ። በ700 ገደማ በዚያች ደሴት ላይ የተጻፈ ነው። በ793 ቫይኪንጎች ደሴቷን ወረሩ። በ875 መነኮሳቱ የደሴቷ ጳጳስ የነበረውን የቅዱስ ከትበርትን አጽም ተሸክመው ተሰደዱ፤ ብዙ ተንከራተው ማኅበሩ በ995 ዱራም ላይ አረፈ። የዱራም ካቴድራል የተሠራው በዚያ አጽም ምክንያት ነው፤ ዛሬም ከመሠዊያው ጀርባ ነው ያለው። ወንጌሉ ግን ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ሰሜኖቹ ይመለስልን ይላሉ፤ አልፎ አልፎ በውሰት ይመጣላቸዋል። በ2013 ዱራም ላይ ታይቷል።

እዚያው ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት የእኛ ብራናዎች አሉ። ከአንድ መቶ ዘመን ወደ ሌላው ስትሻገሩ እጁ የተለያየ ነው፣ ነገሩ አንድ ነው። ማርታ አንቺ ለንደን ስለሆንሽ ንገሪን፤ ዌስትሚንስተር ስላለው ታቦት ሰምተሻል?

ማርታ_ለንደን፦

ሰምቻለሁ እንጂ ወንድሜ፤ ሆዴን ነው የሚበላኝ። ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ነው፣ በሄንሪ ሰባተኛ ጸሎት ቤት ውስጥ መሠዊያው ላይ ገብቶ ታሽጎ ነው የኖረው። በ2024 መጀመሪያ ላይ የዌስትሚንስተር አገልጋዮች ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ በመርሕ ደረጃ ተስማምተዋል ተብሎ ወጣ። ያን ሰሞን አጥቢያችን ውስጥ እናቶች እልል ነው ያሉት። እኔ የምለው፣ የራሳቸውን ገዳማት መራቆት እንዲህ ያዘኑበት ሰዎች የሌላውን ሐዘን ለመረዳት አይቸገሩም ነበር። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ዲያቆን_በርሚንግሃም፦

አንድ ያልተነሣ ነገር ልጨምር። ከሊድስ ማዶ ዱራም ላይ መዝሙረ ዳዊት ይዜማል ብሎ ጀምሮ ነበር። ያ ዜማ ከየት መጣ? መነኮሳቱ በቀን ውስጥ ሰዓታቱን እየጠበቁ ይጸልዩ ነበር፣ ከሌሊት ጀምሮ እስከ መኝታ። ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በ1549 የጸሎት መጽሐፉን ሲያወጣ ሰዓታቱን ሰብስቦ ሁለት አደረጋቸው፤ የጠዋትና የማታ። የማታው ከሠርክና ከመኝታ ጸሎት የተቀዳ ነው። ስለዚህ መነኮሳቱ ቢወጡም ጸሎታቸው ከቤቱ አልወጣም። እዚያ ገብታችሁ መዘምራኑ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው ዳዊቱን ሲቀባበሉ ብታዩ የእኛን ቅኔ ማኅሌት ታስታውሳላችሁ።

የተቋረጠበት ጊዜ ግን አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በ1640ዎቹ፣ የካቴድራል አገልግሎት ተከለከለ። በ1650 ክሮምዌል፣ ሌላኛው፣ የፓርላማው ጦር አዛዥ ኦሊቨር ማለቴ ነው፣ ደንባር ላይ የማረካቸውን 3,000 ገደማ ስኮትላንዳውያን ዱራም ካቴድራል ውስጥ አሰራቸው። በብርድና በተቅማጥ 1,700 ያህሉ ሞቱ። እንዳይበርዳቸው የእንጨቱን ዕቃ አነደዱት ይባላል። በ2013 እዚያው አጠገብ ለግንባታ ሲቆፈር የጥቂቶቹ አጽም ተገኘ። በጦርነቱ የወደቀው ዘውድ በ1660 በንጉሥ ቻርለስ ሁለተኛ ሲመለስ ዲኑም መዘምራኑም ተመለሱ።

ኬላ_ሰባሪ፦

እሺ፣ የንጉሡን ነገር እንደገና አስብበታለሁ፤ የሱፉን ሀብት ግን አሁንም አልለቅም። አንድ ቅዳሜ ከሊድስ ተነሥቼ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ቀን ማየት ብፈልግ የት ልሂድ? ዱራም ይርቀኛል። መግቢያውስ ስንት ነው?

ከሊድስ_ማዶ፦

ሪፖን ሂድ። ፋውንቴንስ ከሪፖን ከተማ 3 ማይል ያህል ነው የሚርቀው፤ ጠዋት ፈራሹን ገዳም አይተህ ከሰዓት ሪፖን ካቴድራል ትገባለህ። ሪፖን ላይ ከወለሉ በታች ቅዱስ ዊልፍሪድ በ672 ያሠራው ምድር ቤት አለ፣ ጠባብ ነው፣ ቁመትህ ረጅም ከሆነ ጎንበስ ትላለህ። ከላይ ያለው ስንቴ ፈርሶ ተሠርቷል፣ እሱ ግን ያው ነው። ፋውንቴንስ የመግቢያ ይከፈላል። ካቴድራሎች ለጉብኝት የሚያስከፍሉም አሉ፣ ለጸሎት የሚገባን ሰው ግን የትኛውም አያስከፍልም። የማታው ጸሎት ብዙ ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፤ ከመሄድህ በፊት ድረ ገጻቸውን እየው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ መዘምራኑ አይኖሩም። ፋውንቴንስ ያን ረጅሙን ምድር ቤትህን አይተህ ስትወጣ ወደ ምሥራቅ ዙር፣ ከመሠዊያው ጀርባ ዘጠኝ መሠዊያ የነበረበት ክፍል አለ። ዱራምም የዚያው ዓይነት አለው። ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፍልን።